የቅናሽ ካርዱ ያስከተለብኝ ሰው

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ብርዱ ጠንክሮ በነበረበት ሰሞን ነው። ዛሬም ድረስ ሱፐርማርኬት ገብቼ ካሸሯ "ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ" ስትለኝ መዳፌን ያልበኛል። ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን በዚያ ጥያቄ የተነሳ ልጄን ላጣ ነበር። እንደ እኔ ሳያስብ ቁጥሩን የሚነካካ ሰው ብዙ ስለሚመስለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ከልጄ አባት ጋር የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት ነበር። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ የልጄ አባት እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰው ፊት ለስላሳ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ቤት ውስጥ ግን የት እንደዋልኩ፣ ከማን ጋር እንዳወራሁ፣ ከሥራ ስወጣ ለምን እንደቆየሁ የማይጠይቅበት ቀን የለም። ስልኬን ይፈትሻል። መጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ በኋላ መገፍተር መጣ። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ልጃችን ኤልዳና እያየች አንገቴን አነቀኝ። ያን ቀን ቆረጥኩ።

ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ወደ እኔም ወደ ልጄም እንዳይቀርብ የሚከለክል ፕሮቴክቲቭ ኦርደር አወጣሁ። በዚህ ሁሉ የረዳችኝ አንዲት የካውንቲው፣ የአካባቢው መስተዳድር፣ ሠራተኛ ነበረች። ስንለያይ እጄን ይዛ፣ "አዲሱን አድራሻሽንና አዲሱን ስልክሽን ግዴታ ካልሆነ በስተቀር ለማንም እንዳትሰጪ" አለችኝ። ቃሏን ያዝኩ። ስልክ ቀየርኩ። ባንክ ቀየርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ እሠራበት የነበረውን የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆሙን፣ ለቀቅኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች የሚበዙበትን ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሳለም ተውኩ።

የተጠጋሁት ትርሲት ጋ ነው። ትርሲት ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት አላት። አንዱን ክፍል ለእኔና ለኤልዳና ለቀቀችልን። "ኪራዩን ሥራ ስትይዢ እናወራለን" ብላ አፌን አስያዘችኝ። እዚያው አቅራቢያ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ከእሱ ጋር በመካከላችን ሁለቱን ስቴቶች የሚለይ ወንዝ መኖሩ ብቻ ያስተማምነኝ ነበር።

ከትርሲት ቤት አጠገብ ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። ግሪንቤልት የምንገዛበት ሱቅ ሌላ ቅርንጫፍ ነው። እንደምታውቁት መደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ ይለጠፋል። በቢጫ ወረቀት በትልቁ የተጻፈው የሱቁ የቅናሽ ካርድ ላለው ሰው ነው። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው ደግሞ ካርድ ለሌለው። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። በሰዓት እየተከፈለው ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያንን ልዩነት አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይችልም።

መጀመሪያ ቀን የራሴን ካርድ ላወጣ አስቤ ነበር። ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ስም ይጠይቃል፣ ስልክ ይጠይቃል፣ ኢሜይልና የቤት አድራሻ ይጠይቃል። የካውንቲዋ ሠራተኛ ምክር ትዝ አለኝና ተውኩት። ልከፍል ስደርስ ማሽኑ፣ ካርዱ የተመዘገበበትን ስልክ ቁጥር አስገቢ አለኝ። ጣቴ በራሱ ሄዶ የድሮውን ቁጥር ነካ። ካርዱን ያወጣው የልጄ አባት ነው፤ ቁጥሩም የእሱ ስልክ ነው። ለዓመታት ሁለታችንም ስንገዛ የምናስገባው ያንኑ ነበር።

ማሽኑ ጢጥ አለና ዋጋው ሁሉ አንድ በአንድ ወረደ። ትንሽ ቆም ብዬ አሰብኩበት። አዲሱን ስልኬን ከምሰጥ የእሱን መስጠት ይሻላል፤ በእሱ ቁጥር እኔን ማን ያገኘኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዲያውም የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ኤልዳናን ይዤ እዚያ እገዛለሁ፤ ቁጥሩንም አስገባለሁ።

አንድ ሰሞን ኤልዳና ታመመች። ኃይለኛ ትኩሳት ነበር። የልጅ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ብርቱካን ጁስና ጉሮሮዋን እንዲያበርድላት የእንጨት አይስክሬም ገዛሁላት። እናቴ እንዳትጨነቅ ብዬ አዲስ አበባ ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቷም ተሻላት።

ከዚያ ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

"ኤልዱዬ እንዴት ናት? ትኩሳቱ ለቀቃት?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"አባቷ ነዋ! ትናንት ደውሎልን ነበር። 'ልጄ ታማ መድኃኒት እየተገዛላት ነው፣ እኔ ግን እንዳላያት ተከልክያለሁ' እያለ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ምን ሆናችሁ ነው እናንተ ግን?"

እህቴ ላይ አልፈርድም። ማነቁን አልነገርኳትም ነበር። "ተሽሏታል" ብቻ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ተነሥቼ መጋረጃውን ሳብኩ። ቀጥሎ በሩን እንደቆለፍኩት አረጋገጥኩ። ተመልሼ ደግሜ አረጋገጥኩ።

መኪናዬን ወንበሩን ሳይቀር እያነሳሁ ፈተሽኩ። ስልኬን አንድ ጥገና ቤት ወስጄ አሳየሁ፤ ምንም የለበትም አሉኝ። ኤልዳና ይዛት የምትተኛው አሻንጉሊት አባቷ የገዛላት ነበረች። ውስጧ የሆነ መሣሪያ ደብቆ ቢሆንስ ብዬ ሆዷን በመቀስ ቀደድኩት። ጥጥ ብቻ ነው። ልጄ አሻንጉሊቷን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ የማደርገው ጠፋኝ።

ሳምንት ሳይሞላ እህቴ እንደገና ደወለች። የልጄ አባት አሁንም ደውሎላት ነበር። አሁን አላለቀሰም አለች፤ እየሳቀ ነው ያወራት። "እህትሽ እንጀራውን እርግፍ አድርጋ ትታ ልጄን በፓስታ ልትገድልብኝ ነው" ብሏታል። እህቴም ለጨዋታ ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን ወጥ ቤት ቆሜ ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። በዚያ ሳምንት ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ይቀለኛል ብዬ የገዛሁት ፓስታ ተደርድሯል።

እኛ ቤት የሚበላውን ከእኔ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ትርሲት።

ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ ማታ ዕቃ ስታጥብ ከኋላዋ ቆምኩ። "ትርሲትዬ፣ ከእሱ ጋር ትገናኛለሽ እንዴ?" አልኳት።

ውሃውን ዘጋችው። "ምን አልሽ?"

"ኤልዳና መታመሟን አውቋል። የምንበላውን ያውቃል።"

"እና እኔ ነኝ የነገርኩት? እኔ? ያንን አንገትሽን በዓይኔ አይቼ?" አለች። እጇን ሳትጠርግ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ እንደማይተዋወቅ ሰው ሆንን። ደህና አደርሽ እንባባላለን፤ ሌላ የለም። እሱ ሳይመጣ፣ በሩን ሳያንኳኳ፣ ያለችኝን አንዲት ሰው ከእጄ ሊያስጥለኝ ነበር። ሌላ ክፍል መፈለግ ጀመርኩ። ሰው ከኋላዬ ሲራመድ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ከመኪናዬ ስወርድ የቆመውን መኪና ሁሉ ውስጡን አያለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤት ውስጥ ወተት አልነበረም። ከሥራ ወጥቼ ኤልዳናን ይዤ እንደ ወትሮው ሱቁ ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ኤልዳናን ጋሪው ላይ አስቀመጥኳት። ዶሮ በቢጫ ዋጋ ስለነበረ አንስቼ ያዝኩ። ካሸር የሌለበት፣ ሰው ራሱ የሚከፍልበት ማሽን ላይ ሄጄ ቁጥሩን ሳስገባ የሌላው ሁሉ ወረደና የዶሮው ሙሉውን ዋጋ አሳየኝ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ሁሉንም ሰርዤ ወደ ካሸር ሄድኩ።

ካሸሯ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ስማቸውን ደረታቸው ላይ ካለው ነው ያወቅኩት። ጠና ያሉ፣ ፀጉራቸውን በነጭ ሻሽ የሚያስሩ ሐበሻ ናቸው። ባየኋቸው ቁጥር ለኤልዳና ከረሜላ ያቀብሏታል።

"እትዬ፣ ይሄ ዶሮ ቢጫ ላይ ነው፤ ለምን አይወርድልኝም?" አልኳቸው።

"ቁጥርሽን ምቺው እስቲ" አሉኝ። መታሁት። ማሽናቸውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄኛውማ በካርዱ ብቻ አይሆንም የኔ ልጅ። ዲጂታል ነው። ስልክሽ ላይ አፑን ከፍተሽ መጫን አለብሽ።"

"አፑ የለኝም።"

"እንዴት የለሽም? አካውንቱ እኮ አፕ አለው። ደረሰኙም ወደ ስልክ ይላክ ተብሎ ነው የተሞላው፤ የምትገዢውን ሁሉ ወዲያው ይልክልሻል። እዚህ ይለኛል እኮ።"

የምትገዢውን ሁሉ ይልክልሻል።

ሽሮፑ። አይስክሬሙ። ፓስታው። በየሳምንቱ የነካኋት እያንዳንዷ ዕቃ የልጄ አባት ኪስ ውስጥ ጢጥ ትል ነበር። ዕቃው ብቻ አይደለም። ደረሰኝ ላይ የሱቁ አድራሻ አለ። ቀኑ አለ። ሰዓቱ አለ። ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት።

ዛሬም ቅዳሜ ነው።

ቀና ብዬ ወደ በሩ ሳይ አየሁት። መግቢያው ጋ አበባ የሚሸጥበት ቦታ፣ ባልዲዎቹ መካከል ቆሟል። ያ ግራጫ ኮቱን ለብሷል። በእጁ ሮዝ ፊኛ ይዟል። አይፈልገንም፤ አይቶናል። ፈገግ ብሎ እስክጨርስ ይጠብቃል።

ኤልዳናም አየችው። "ዳዲ!" ብላ ጮኸች። "ማሚ፣ ዳዲ ኢዝ ሂር!" እጇን ዘርግታ ከጋሪው ልትወርድ ተነሣች። ያዝኳት። ለምን እንደያዝኳት አልገባትም፤ መታገል ጀመረች።

ቀስ ብሎ መጣ። ሰው እየጠየቀ፣ "ኤክስኪውዝ ሚ" እያለ ሰልፉን አልፎ አጠገባችን ቆመ።

"አትደንግጪ፤ ገበያ ነው የገባሁት" አለ። "ትኩሳቱ ለቀቃት?"

ኤልዳናን ወደ ደረቴ ሳብኳት።

"ሻምፑ ቀየርሽ ደግሞ። ያንን የኮኮናት ሽታ አልወድም፤ ታውቂያለሽ" አለኝ። ይህን ሁሉ የሚለው በለሆሳስ ነው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ባልና ሚስት ስለ ቤታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ፊኛውን ለኤልዳና ዘረጋላት። "ነይ ማሚዬ፣ መኪናው ውስጥ ሌላም አለ።"

"ዞር በል፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለብህ" አልኩት። ድምፄ ግን አልወጣም፤ ለራሴም በቅጡ አልሰማሁትም።

"ሱቁን አውቄዋለሁ። ቤቱን ማወቅ ምን ያቅታል? ዛሬ አብረን ሄደን እናውቀው" አለና የጋሪውን ጫፍ ያዘ።

እትዬ ዘነበች እስከዚያ ቀን ድረስ ስሰማቸው የማውቀው "እንዴት ዋላችሁ" ሲሉ ብቻ ነበር። አሁን ከመክፈያው ጀርባ ወጥተው በእኔና በእሱ መካከል ገቡ። ቁመታቸው ትከሻው ጋ አይደርስም።

"ልጄ፣ ጋሪውን ልቀቅ" አሉት።

"እማማ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።"

"ሥራዬ ነው። ልቀቅ አልኩህ።" ከዚያ ሳይዞሩ የመክፈያውን ስልክ አንሥተው በሱቁ ድምፅ ማጉያ ማናጀሩን ጠሩ፤ "ሴኩሪቲ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገሙት። ሰልፉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። እጁን ከጋሪው ላይ አነሣ።

እትዬ ጋሪውን ራሳቸው እየገፉ ከሥጋ መሸጫው አጠገብ ባለው የሠራተኞች በር አስገቡን። የካርቶን ክምርና የበሰለ ሙዝ ሽታ ያለበት ጓዳ ነው። ከውስጥ ቆለፉት። ኤልዳና "አይ ዋንት ዳዲ" እያለች ታለቅሳለች። እኔ 911 ደውዬ ስሜን መናገር አቃተኝ። ስልኩን ከእጄ ወስደው አድራሻውን የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ፖሊሶቹ ሲመጡ የልጄ አባት አልሸሸም። በሩ ጋ ፊኛውን ይዞ ቆሞ ነበር አሉኝ። ልጁን ስጦታ ሊሰጣት የመጣ አባት መሆኑን በትሕትና እያስረዳቸው ነበር። አንዷ ፖሊስ ጓዳው ድረስ መጣች። ስልኬ ላይ ያለውን የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አሳየኋት። አነበበችው፤ ቨርጂኒያም ውስጥ እንደሚሠራ ነገረችኝና ወጣች። እኔ ስወጣ በካቴና ይዘውት ሄደዋል። ፊኛው ተለቆ የሱቁ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ነበር።

እትዬ ዘነበች መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። የደረሰኙን ነገር ነገርኳቸው። "ቅናሽ ነው ይላሉ" አሉኝ። "እኔ እዚህ ቆሜ የማየው ግን ቁጥሩን ያልሰጠ ሰው ሲቀጣ ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ያንኑ ወተት ከሌላው በላይ ይከፍላሉ። በራሴ ካርድ እመታላቸው ነበር፣ ማናጀሩ ከለከለኝ። ያንቺን ግን... እንዲህም ያለ ጉዳት እንዳለው አላውቅም ነበር።"

ቤት ስገባ ትርሲት ሳሎን ተቀምጣለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ተነሥታ የኤልዳናን ጃኬት አወለቀችላትና፣ "በይ ዶሮውን አምጪው፣ ሳይበላሽ" አለች። ዶሮው የለም፤ ዕቃውን ሁሉ እዚያው ትቼው ነው የመጣሁት። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ አለቀስን። እስከዛሬ ጓደኛዬ ናት። ያንን ጥያቄዬን ግን ከአእምሮዋ ያወጣችው አይመስለኝም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ደረሰኞቹ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ስለተገኙ መካድ አልቻለም። ታሰረ። ሲፈታም ወደ ሌላ ስቴት እንደሄደ ሰምቻለሁ። እኛም ከላንድማርክ ለቀን ሄድን፤ የት እንደሆነ አልጽፍም።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ለሱፐርማርኬቱ ደንበኞች አገልግሎት ደውዬ፣ በዚያ ቁጥር የገዛሁትን ሁሉ እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። የመለሰችልኝ ልጅ ትሑት ነበረች። "አካውንቱ በእርስዎ ስም አይደለም፤ ማጥፋት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው" አለችኝ። "የገዛሁት እኮ እኔ ነኝ፤ በገንዘቤ" አልኳት። "ይገባኛል" አለችና ሌላ የምትረዳኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።

አሁን በሙሉ ዋጋ ነው የምገዛው። ከኋላዬ የተሰለፉ ደግ ሰዎች አዝነውልኝ "በእኔ ቁጥር ልምታልሽ?" ይሉኛል። አመስግኜ እምቢ እላለሁ። ኩሩ እመስላቸው ይሆናል። ዋጋው ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ራሱን መደበቅ ያለበት ሰው ከሌላው አብልጦ የሚከፍልበት ነገር ፍትሐዊ አይመስለኝም እላለሁ። ከዚህ ያለፈ እውቀት የለኝም።

ፍርሃቱ እየቀለለኝ ነው። ሰላም የሚነሣኝ ሌላ ነው። ልጄ በዚያ የብርድ ወራት የበላችው፣ የጠጣችው፣ የታመመችበት ቀን፣ ሁሉም ዛሬም እሱ ጋ አለ። በፈለገው ሰዓት ስልኩን ከፍቶ ከላይ እስከታች ሊያነበው ይችላል። እኔ የልጄን እነዚያን ቀናት ረስቻቸዋለሁ፤ እሱ ግን ይዟቸዋል።